የጥልፍ ጀርባ

እናቴ አንድ ቀን ሙሉ ያኮረፈችኝ፣ የተቀበለችውን 3,000 ብር እኔ ልመልስላት ስላልኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እማዬን ስትሮክ ያጋጠማት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ስልኩ ሲደወልልኝ አዲስ አበባ ቢሮ ነበርኩ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ "ላፕቶፕና ኔትወርክ ካለ የትም ሆኖ ይሠራል" የሚባልለት ዓይነት። አለቃዬን ሁለት ሳምንት አስፈቀድኩና ላፕቶፔን ይዤ ነጌሌ ቦረና ወረድኩ። 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክብረ መንግሥትን ካለፋችሁ በኋላ ደጋው ቀስ እያለ ይለቃችኋል፤ ግራሩና ቀይ አፈሩ ይጀምራል፣ ከዚያ ግመሉ። ሁለት ሳምንት ያልኩት አራት ወር ሆነ።

አንደበቷ በሳምንቱ ተመለሰ። እግሯም ቀስ በቀስ። ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም። ጣቶቿ ይሞቃሉ፣ ሲነኳቸው ይሰማታል፤ ግን አይጨብጡም። የታዘዘላትን የጎማ ኳስ መዳፏ ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ ኳሱ ወርዶ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ዝም ብላ ታየዋለች።

ከመታመሟ በፊት ደግሞ ሥራ ተቀብላ ነበር። ጎረቤታችን ልጇን ልትድር ነው። ኤዶ ነው የምንላት፤ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። የታዘዘው አራት የትራስ ልብስና አንድ አንሶላ ነው፤ ነጭ ፖፕሊን፣ ጠርዙ በእጅ የተጠለፈ። ቀብዱ 3,000 ብር። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጨርቁ ግን እንደታጠፈ ነው።

እኔ ችግር ፈቺ ነኝ ባይ ነኝና መፍትሔ አቀረብኩ። "ብሩን እኔ እመልስላታለሁ። ያለቀለት ከሞያሌ ያስመጡ። ምን ያስጨንቅሻል?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስከ ማግስቱ ድረስ ቃል አልወጣትም። እኔ ደግሞ ሕመሙ አገረሸባት ብዬ ስደነግጥ አደርኩ።

ጠዋት ቡና ሳቀብላት፣ "ብሩን የመለስኩ ቀን እጄ ሞተ ማለት ነው" አለችኝ። ፉት አለችና ደግሞ፣ "ያን ቆርቆሮ አምጣው።"

*

ቆርቆሮው የብስኩት ነው፤ በየቤቱ ያለው፣ ብስኩት ያለበት መስሏችሁ ከፍታችሁ ክርና መርፌ የምታገኙበት። ውስጡ "ዲኤምሲ" የሚል ወረቀት የታጠቁ ክሮች ተደርድረዋል። ዲኤምሲ በ1746 እ.ኤ.አ. ዛሬ የፈረንሳይ በሆነችው ሙሉዝ ከተማ የተመሠረተ ድርጅት ነው። እያንዳንዱ ቀለም ቁጥር አለው፤ እማዬም ቀለም በስሙ አትጠራም። "321 አቀብለኝ" ትላለች፤ ቀይ ማለቷ ነው። ጥቁሩ 310 ነው። እኔ በቀን ሃያ ጊዜ የቀለም ኮድ የምጽፍ ሰው፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቀለምን በኮድ ስትጠራ እንደኖረች ያስተዋልኩት በ28 ዓመቴ ነው።

ጥልፍ የተማረችው ካምፕ ውስጥ ነው። አያቴ ወታደር ነበር፤ ከሸዋ ተነሥቶ ነጌሌ የተመደበ። ታሪክ ያነበበ ሰው ነጌሌን የሚያውቃት በዚያ ጦር ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የአራተኛ ብርጌድ ወታደሮች በምግቡና በውሃው ተማርረው አመፁ፤ ጉዳዩን ሊያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ አግተው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። የአብዮቱ ታሪክ ሲተረክ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንዱ ይህ ነው። እማዬ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ስለዚያ ሰሞን ስጠይቃት የምትነግረኝ ግን ሌላ ነው፤ ሴቶቹ በር ዘግተው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ሲጠልፉ መዋላቸውን። የወታደር ሚስት ከየአገሩ ነው የሚመጣው። አንዷ አስመራ መነኮሳት ዘንድ የተማረች ነበረች፣ አንዷ ኪሮሽ ታውቃለች፣ አያቴ ደግሞ ነጠላ መቋጨት። እማዬ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ወሰደች። መርፌ ማስገባት የእሷ ሥራ ነበር፤ ዓይኗ ከሁሉም የተሻለ ነዋ።

በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ጥልፍ ያላረፈበት ዕቃ አልነበረም። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው ራስጌ፣ መሶቡ። የትራስ ልብሴ ላይ በ321 "መልካም እንቅልፍ" ተጽፎበት፣ ጠዋት ስነሣ ፊደሉ ጉንጬ ላይ ታትሞ ይገኛል። ጥልፉን እንደ ግድግዳ ቀለም ነበር የማየው፤ ያለ ነገር፣ ማንም ያልሠራው።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተ። ከዚያ በኋላ በምን እንደኖርን ጠይቄ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢንጂነሪንግ ስማር በየወሩ ብር ይላክልኛል፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ተገዛልኝ። ቅጽ ስሞላ "የእናት ሥራ" የሚለው ጋ ስደርስ ሳላስብ "የቤት እመቤት" ብዬ እጽፋለሁ።

ያን ጠዋት ከቆርቆሮው ሥር የተጣጠፈ የሂሳብ ደብተር አገኘሁ። በእርሳስ ነው። "አንሶላ 2፣ ትራስ 6፣ ለላፕቶፕ።" ከሥሩ፣ "ትራስ 4፣ ለላፕቶፕ።" ከሥሩ፣ "ትራስ 8፣ ለላፕቶፕ ቀሪ።" ገጹ እስኪያልቅ ትራስ ነው። ደብተሩን ወደ ቦታው መለስኩት። ምንም አላልኩም። ምን ይባላል?

*

የጠርዝ ጥልፍ በወሬ ቀላል ነው። ጠርዙ ወደ እናንተ እንዲሆን አድርጋችሁ ጨርቁን ትይዛላችሁ። የምትሄዱት ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብላችሁ መርፌዋን ከላይ ወደ ታች ትወጋላችሁ፤ ጫፏ ከጠርዙ በታች ብቅ ስትል ክሩን ከጫፏ ሥር ታሳልፋላችሁ። መርፌዋን ስትስቡ ክሩ ራሱን ራሱ ይይዛል፣ ጠርዙ ላይ ይተኛል። ቀጥሎ ያለው ከጎኑ፣ ቀጥሎ ያለውም ከጎኑ። በብርድ ልብስ ጫፍ ላይ ተራርቆ የምታዩት ይኸው ነው። ሲጠጋጋ ደግሞ ጨርቁ እንዳይተረተር የሚይዝ ግድግዳ ይሆናል።

ችግሩ፣ እማዬ የምታሳየኝ በግራ እጇ ነው። በግራ እጅ ሲሠራ አቅጣጫው ከቀኝ ወደ ግራ ይሆናል፤ ክሩም የሚታጠፈው በተቃራኒው ነው። ከጎኗ ተቀምጬ ያደረገችውን ለመድገም ስሞክር ክሬ ይጠመዘዛል፣ ይላላል፣ ይወልቃል። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። እሷም እጇ እንደ ልቧ አልታዘዝ እያላት፣ እኔም አልገባ እያለኝ፣ ሁለታችንም ሳንናገር ተናደድን።

በሦስተኛው ቀን፣ "ተነሥ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጥ" አለችኝ። ጉልበት ለጉልበት ተቀመጥን። ግራ እጇ ከቀኝ እጄ ትይዩ ሆነ። ወዴት ስትሄድ ወዴት እንደምሄድ ማሰብ ቀረ፤ መስታወት እያየሁ ጺሜን እንደምላጭ ሆነልኝ። ያን ቀን አንድ ጣት የሚሞላ ጠርዝ ጠለፍኩ።

የቀረው የእሷ ሕግ ነው። ክሩ ስድስት ጭረት አለው፤ ሦስቱን ብቻ መዝዘህ ተጠቀም። ርዝመቱ ከጣትህ ጫፍ ክርንህን ትንሽ ይለፍ፤ "ክር የሚያስረዝም ሰው መርፌ ላለማስገባት ብሎ ነው፤ ኋላ ቋጠሮ ሲፈታ ይውላል።" ስትጀምር አትቋጥር፤ ጫፉን ተኛ አድርገህ በላዩ ጥለፍበት። አጥብቀህ ከሳብክ ጨርቁ ይጨማደዳል። "አትጎትተው፣ አስቀምጠው" ትላለች። አሁንም ኮምፒውተር ላይ ተጣድፌ ስሠራ ይህች ቃል ጆሮዬ ላይ ትመጣለች።

ንድፉን እሷ "ግማሽ ጨረቃ" ነው የምትለው። የቡና ስኒ አፉን ጨርቁ ጫፍ ላይ ደፍታችሁ በእርሳስ ትከቡታላችሁ፣ ግማሹን ብቻ። ከጎኑ ሌላ፣ ከጎኑ ሌላ። ከዚያ እርሳሱን ተከትላችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ትጠልፋላችሁ።

ባህሪዬ ነውና ሂሳብ ሠራሁ። አራቱ የትራስ ልብሶች አፋቸው ዙሪያውን አንድ አንድ ሜትር፣ አንሶላው ራስጌው 2.40፤ በድምሩ 6.40 ሜትር። በአንድ ሳንቲ ሜትር 8 ጊዜ ሲወጋ 5,120። ቅስቱ ከቀጥታው ስለሚረዝም 8,000 በሉት። በደቂቃ ሦስት ነው የምወጋው። 2,667 ደቂቃ ገደማ። ከ44 ሰዓት በላይ። ቁጥሩን ለእማዬ ስነግራት ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። "እኔ ቆጥሬው ቢሆን ኖሮ አንድም አልጠልፍም ነበር" አለች።

በየስንዝሩ ደግሞ አንድ ትእዛዝ አለ፤ "አዙረው።" ፊቱን አይታ አታውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። የጥልፍ ዋጋው ጀርባው ላይ ነው። ፊቱን ሁሉም ያሳምራል። ክሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘሎ፣ ተንጠልጥሎ፣ ተቋጥሮ እንደሆን የሚታየው ግን ከጀርባ ነው። የእኔ ጀርባ አስቀያሚ ነበር። "ፍታው" ትለኛለች። እፈታዋለሁ።

*

የምሠራው በር ዘግቼ ነው። ሰው እንዳያውቅ የፈለገችው እሷ ናት፤ እጇ መሞቱን ማንም እንዲሰማ አትፈልግም። ልዋሽ አልችልምና እኔም ደስ ብሎኛል። ወንድ ልጅ፣ ያውም ኢንጂነር፣ ነጌሌ ላይ ትራስ ሲጠልፍ?

አንድ ቀን የሰፈር ጓደኛዬ ሳያንኳኳ ገባ። መርፌው እጄ ላይ ነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየኝና፣ "እኔ ኮምፒውተር ነው የሚጠልፈው ብዬ ነበር" አለ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ሳቅን። እውነትም አማርኛ ለሁሉም አንድ ግስ ነው የሰጠን፤ ስልክ ይጠለፋል፣ አውሮፕላን ይጠለፋል፣ ልጃገረድ ተጠልፋለች፣ አካውንቴ ተጠለፈ። ጠርዝም ይጠለፋል። ሁሉም ውስጥ አንድ ነገር ሌላውን ጎትቶ ይይዛል። ጥሩ ጠለፋ ግን ይኸው አንዱ ብቻ ነው መሰለኝ።

ነገሩን ስናወራ ሐፍረቴ ራሱ ውሃ አልቋጥር አለ። ሽሮ ሜዳ ሂዱና የሀበሻ ልብስ ላይ በመኪና የሚጠልፉትን እዩ፤ ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ሸማኔው ወንድ ነው፣ ልብስ ሰፊው ወንድ ነው። ልዩነቱ የት ነው? ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሲሠራ ሥራ ይባላል፤ ቤት ውስጥ፣ ከወጥ ቤት ሲመለሱ ሲሠራ "ሙያ" ይባላል፣ ቅጽ ላይም "የቤት እመቤት" ተብሎ ይሞላል። የሞላሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

የመኪና ጥልፍና ያለቀለት አንሶላ ገበያውን እንደወሰደው እማዬ ታውቃለች። ነጌሌም፣ ፊልቱም፣ ሞያሌም ገበያው ሞልቷል። ግን ቆላው ጠርዝ የሚያይ ሰው አላጣም። የሶማሌ ሴቶች ከዲራኩ ሥር ጎጎራድ ይለብሳሉ፤ ያጌጠ ጠርዝ ያለው የውስጥ ቀሚስ ነው፤ ሲራመዱ ዲራኩን ከፍ የሚያደርጉት ያ ጠርዝ እንዲታይ ነው። ለነጠላም ቢሆን ጫፉ ሳይቋጭ ሥራው አላለቀም፤ ንግግር ሲያልቅም ያንኑ ቃል አይደል የምንጠቀመው? ሰው ጨርቅ ላይ መጀመሪያ የሚያየው መካከሉን ይመስላችኋል። እነ ኤዶ የሚያዩት ዳሩን ነው።

*

ግማሽ ጨረቃ መጀመሪያ ይጠለፋል፣ ከዚያ ነው ከጥልፉ ውጪ ያለው ትርፍ ጨርቅ የሚቆረጠው። ቀድሞ ከተቆረጠ መርፌ ሲነካው ይተረተራል። ስለዚህ አደጋው ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ስምንት ሰዓት የለፋችሁበትን አንድ መቀስ ይበላዋል።

ሁለተኛውን የትራስ ልብስ ስቆርጥ መብራት ጠፍቶ ነበር። ነገ ይደርሳል ማለት ሲገባኝ በስልኬ መብራት ቀጠልኩ። መቀሱ "ቅጭ" ሲል ድምፁ የጨርቅ አልነበረም። አራት ጥልፍ ተበጥሶ፣ ጨርቁም ትንሽ ተነክቷል። ግራ እጄ ሳላውቀው አየር ላይ ተንቀሳቀሰ፤ የሠራሁትን መሰረዣ ቁልፍ ፍለጋ መሆኑ ነው።

እማዬ ነቅታ ነበር። አምጣው አለች፤ በመብራቱ አየችው። እቆጣለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ "ስንቱን ቆርጫለሁ መሰለህ" አለችኝ። "ደብተሩ ላይ ያልተጻፈው ብዙ ነው።" ደብተሩን እንዳየሁት ታውቅ ነበር።

አጠጋገኑን ነገረችኝ። ከተበጠሰው ግራና ቀኝ ያለውን ደህናውን ጥልፍ ጭምር ትፈታለህ፤ ጫፉ ተሸሽጎ የሚገባበት ርዝመት ያስፈልገዋል። ከዚያ በአዲስ ክር፣ ከበፊቱ ትንሽ ጠለቅ አድርገህ ያልተነካው ጨርቅ ላይ ትወጋለህ። ያቺ ጨረቃ ከሌሎቹ በመጠኑ ገባ ያለች ናት። ካልነገርኳችሁ አታዩዋትም።

አራተኛው የትራስ ልብስ ላይ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ "እሱን ለኔ ተወው" አለች። የጨርቁን አንድ ጫፍ ቀኝ እጇ ሥር አስገባች፤ እጇ እንዳይንሸራተት በላዩ ወፍራም መጽሐፍ እንዳስቀምጥ አዘዘችኝ። በግራዋ መጥለፍ ጀመረች። ለአንዲት ጨረቃ ከሰዓቱ በሙሉ አለቀ። መርፌዋ ሁለት ጊዜ ወደቀችና አነሣሁላት፤ ሌላ አልረዳኋትም። ልረዳት እጄን ስዘረጋ ያየችኝን አስተያየት ከ3,000 ብሩ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

*

ኤዶ ከሰርጉ አራት ቀን ቀደም ብላ መጣች። የምናገረውን አጥንቼ ነበር፤ "ቀስ እያለች ሠራችው" ልል። ሻይ ቀረበ። ኤዶ የመጀመሪያውን የትራስ ልብስ አነሣች፤ ፊቱን ሳታይ ገለበጠችው። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዳሰሰች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

"ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም" አለች፣ በቀስታ።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። እማዬ ግን ቀና ብላ፣ "የልጄ ነው" አለች። "እኔ አልቻልኩም። እሱ ነው የጠለፈው።"

ከሁለት ሳምንት በላይ በር ያዘጋችኝ ሴት ናት ይህን ያለችው። ኤዶ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቴን ሳይሆን ጣቶቼን ነው ያየችው፣ የተወጋጉትን። ምንም አላለችም። አራተኛውን አነሣች፣ ገለበጠች፣ ጣቷ እየዳሰሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ ቆመ።

"ይቺ ግን ያንቺ ናት።"

"በግራዬ ነው" አለች እማዬ።

ሁለቱም ዝም አሉ። እኔ ሻይ ለመጨመር ብዬ ተነሣሁ፤ ብርጭቆው ግን ሙሉ ነበር። ኤዶ ቀሪውን ብር ቆጥራ አስቀመጠች። እማዬ፣ "ተለማማጅ የሠራው ነው፣ ቀንሺበት" ስትላት፣ "ታናሿ አሥረኛ ክፍል ናት፤ እስክትዳር ይለምዳል፤ ያኔ እቀንሳለሁ" አለቻት።

*

መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ከቆርቆሮው 321 እና አንድ መርፌ ይዤ መጥቻለሁ። ማታ ማታ አልፎ አልፎ አንድ ጨረቃ ወይም ሁለት እጠልፋለሁ። ቴሬዝ ደ ዲልሞን የምትባል ኦስትሪያዊት በ1886 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ትልቅ የእጅ ሥራ መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ ጠርዝ አጠላለፉ በሥዕል አለ። ጥሩ መጽሐፍ ነው። "አዙረው" የሚለኝ ሰው ግን የለውም።

እማዬ በግራ እጇ እየለመደች ነው። ባለፈው ሳምንት ማዕዘን እንዴት እንደሚታጠፍ ጠየቅኳትና የጎረቤት ልጅ ቀርጾ በቴሌግራም ላከልኝ፤ ማዕዘኑ ላይ ሦስት ጊዜ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ወግተህ እንደ ማራገቢያ ትዘረጋዋለህ። ቪዲዮው ላይ የምትሠራው በግራዋ ስለሆነ እንደ ድሮው ተምታታብኝ። ፊት ለፊቷ ልቀመጥ አልችል። ላፕቶፑ ላይ ከፈትኩትና ግራና ቀኙን ገለበጥኩት፤ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው።

አቅጣጫው ተስተካከለ። ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረች፣ እንደ እኔ። ከዚያ ነው ያስተዋልኩት። ተገልብጦ ሲታይ የምትጠልፈው በቀኝ እጇ ነው። ጣቶቿ መርፌዋን ይዘዋል፣ ክሩን በአውራ ጣቷ ታስቀምጣለች፣ አትጎትትም።

ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ማዕዘኑንም ተማርኩ። ልልክላት አስቤ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት።